ሰበብ ያለው ቤት

ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ስሰናበት ጋቢ አልብሰው፣ ኬክ አስቆርሰው ነው የሸኙኝ። ከሁለተኛው ሥራዬ የወጣሁት ግን ፈርቼ ነው። ስልኬ በጮኸ ቁጥር እጄ እየተንቀጠቀጠ አላነሳም ሲለኝ፣ የክሊኒኩን ቁልፍ በመሐረብ ጠቅልዬ ለባለቤቱ መለስኩ። ልጆቼ "እሰይ፣ አሁን እንኳ ዕረፊ" አሉኝ። ማረፍ እንዲህ ቀላል መስሏቸው ነው።

ያ ሁለተኛ ሥራዬ በወጉ ስም አልነበረውም። የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎች የግል ክሊኒክ ሲከፍቱ ቤቱን የምፈልግላቸው፣ ከጤና ጽሕፈት ቤት ፈቃዱን ተመላልሼ የማስጨርስላቸው፣ ታፔላውን የማስጽፍላቸው፣ ሰው ክሊኒኩን እንዲያውቅና ደፍሮ እንዲገባ መላ የምፈልግላቸው እኔ ነበርኩ። የአርባ ምንጭ ሰው ስም ለማውጣት አይቸገርምና "የእብድ ደላላ" አለኝ። መጀመሪያ ከፋኝ፣ በኋላ ለመድኩት። ባለ ባጃጆቹ "ደላላዋ፣ ዛሬ ስንት አገኘሽ?" ሲሉኝ "አንተ ብቻ ነህ የቀረኸኝ" እያልኩ አልፋቸው ነበር።

አፌ ነው እንጂ ደፋር፣ እኔስ ከልጅነቴ ጀምሮ ፈሪ ነኝ። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኔ ለእናቴም አልሆንኩ፤ ነጎድጓድ ሲመጣ እሷን ጥዬ አልጋ ሥር እገባ ነበር። ይህን የማስቀድመው በምክንያት ነው። በሥራ ዘመኔ አንዲት ሴት በእኔ የተነሳ ልትጠፋ ነበር። ያን ያደረግኩት በድፍረት አይደለም፤ በፍርሃት፣ በጥንቃቄ፣ ሰው እንዳይጎዳ ብዬ አስቤበት ነው። ስሟን አልጽፍም። መምህርት ስለነበረች መምህሯ እላታለሁ፤ ሰው እንዳይለያትም ከሕይወቷ የለዋወጥኩት ነገር አለ።

ሥራ የጀመርኩት በሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው። ከእኛ ቀጥሎ ያለው ክፍል የአእምሮ ሕክምና ነበርና መጀመሪያ የፈራሁት በሽተኞቹን ነው። አንድ ቀን ወንድማማቾች አንድ ጎልማሳ እጁን በገመድ አስረው ከደጋ አወረዱት። ቤተሰቡ "ጎሜ ነው" ይላሉ፤ በጋሞ ልማድ የተከለከለ ነገር ሲጣስ በቤት ላይ የሚመጣ ጣጣ ማለት ነው። ሽማግሌ ጠይቀው፣ ጸበል ወስደው፣ አጸልየውለት፣ ሁሉም ሲያልቅ ነው ወደ እኛ የመጡት። ሰውየው መስኮቴ ጋ ሲደርስ ከካርድ መደርደሪያው ጀርባ ተሸሸግኩ። የአእምሮ ሕክምና ነርሷ ሲስተር ጥሩወርቅ ናት ያገኘችኝ።

"ዘነበች፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ካርድ እየፈለግኩ።"

"ካርዱ እጅሽ ላይ ነው።" ክርኔን ይዛ ወደ መስኮቱ መለሰችኝ። "ይሄ ሰው በአይሱዙ ላይ ታስሮ ነው የመጣው። ከአንቺ ይልቅ የፈራው እሱ ነው። በይ ስሙን ቀስ ብለሽ ጠይቂው።"

ጠየቅኩት። ስሙን ነገረኝና ውሃ ለመነኝ። ውሃውን ሳቀብለው ግማሹን እጄ ላይ አፈሰስኩት፤ እሱ ግን አመሰገነኝ።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ከሲስተር ጥሩወርቅ ላይ አልተነሳም። ቀጭን፣ አጭር፣ ቁጡ ሴት ነበረች። ሌሎቹ ባለሙያዎች ለክፉም ለደጉም ብለው ራሳቸው በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ እሷ ግን ወንበሯን ጥግ አስገብታ በሽተኛውን በሩ አጠገብ ታስቀምጥ ነበር። "መውጫውን ያየ ሰው ነው አርፎ የሚቀመጠው" ትለኛለች። ካርድ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ ስሙን ወደ ታች ደፍታ ነው። በስም አትጣራም፣ በቁጥር ነው። ገበያ ውስጥ ከታካሚዋ ጋር ድንገት ከተገጣጠመች ቲማቲም ላይ አቀርቅራ አንድ በአንድ ታገላብጣለች፤ ሰውየው ቀድሞ ሰላም ካላት ብቻ ቀና ትላለች። ለዚህ ሲባል ያልፈለገችውን ቲማቲም ስንቴ ገዝታለች። ሰው "የእገሌን ልጅ እዚያ አይተሻታል?" ብሎ ሲጠይቃት መልሷ አንድ ነው፦ "እኔ በሽተኛ አይቼ አላውቅም።" ሠላሳ ዓመት የሠራች ነርስ ይህን ስትል ጠያቂው ይስቅና ነገሩ በዚያው ይቀራል።

እኔ ጡረታ በወጣሁበት ሰሞን ማርቆስ የሚባል ወጣት የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ የግል ክሊኒክ ለመክፈት አሰበ። ከሆስፒታል ያውቀኛል፤ "እትዬ፣ አንቺ ሰው ታውቂያለሽ፤ አግዥኝ" አለኝ። ማርቆስ ቁምነገረኛ ልጅ ነው፤ ችግሩ ሁሉም ሰው እንደሱ በትምህርት የሚያምን ይመስለዋል። ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ታችኛው ወደ ሲቀላ በሚወርደው ዋና መንገድ ዳር ቤት ተከራየን። ታፔላውም ከሩቅ የሚነበብ ሆነ፤ "የአእምሮ ሕመም ሕክምና" ይላል፤ ከጎኑ ጭንቅላት ተስሎበታል፤ ጭንቅላቱም ተከፍቶ አንጎሉ ይታያል። ሠዓሊው በሥራው በጣም ነበር የኮራው።

በሳምንቱ ሚኒባሶቹ ፌርማታውን ስም አወጡለት። ረዳቶቹ "እብድ ቤት ወራጅ አለ?" ይላሉ። ማን ወራጅ አለ ይላል? በሁለት ወር ውስጥ የመጣልን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ሁለት ፌርማታ አልፎ ወርዶ፣ ደመና በሌለበት ቀን ጃንጥላ ዘርግቶ ፊቱን ጋርዶ በእግሩ የተመለሰ። ማርቆስ ነጭ ካፖርቱን ለብሶ በር በሩን ያያል። እኔም ባዶውን አግዳሚ ወንበር በየቀኑ እወለውላለሁ።

ሲስተር ጥሩወርቅን ለምኜ አመጣኋት። እሷም በዚያን ጊዜ ጡረታ ወጥታ ከኩልፎ ወንዝ በላይ ባለው ቤቷ ዶሮ ታረባ ነበር። በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ግራና ቀኝ አየች፤ ውስጥ እንኳ አልገባችም።

"ቤቱ ሰበብ የለውም" አለች።

"ምን ማለት ነው ሲስተር?" አለ ማርቆስ።

"እዚህ የገባ ሰው ለምን ገባህ ቢባል ምን ይላል? ሌላ የሚለው ነገር የለውም። ሰው በሽታውን ይዞ የሚመጣው ሰበብ ያለው ቤት ነው።"

ከዚያ በኋላ ያስተማረችኝን ሥራ ማንም ትምህርት ቤት አያስተምረውም። ቤት ስንፈልግ እኔ ስፋቱንና ውሃውን እጠይቃለሁ፤ እሷ ከቤቱ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዓይን ትቆጥራለች። ባለ ሱቋ በየት በኩል ታያለች? ባጃጆቹ የት ይሰለፋሉ? ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው በዚህ ያልፋል ወይ? ጀበና ቡና የምትሸጠው ልጅ ወንበሯ ወደየት ዞሯል? ግማሽ ቀን ተቀምጣ ትነሳና "አሥራ አንድ ዓይን አለው፤ አይሆንም" ትላለች። ባለቤቱ ቤቱን የምናይለት መስሎት ሲጠብቅ ጥለነው እንሄዳለን።

በመጨረሻ ሴቻ ላይ የጋሽ ኦይሳን ቤት አገኘን። ጋሽ ኦይሳ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከሱቃቸው በስተ ኋላ ሦስት ክፍሎች፣ የሽፈራው ዛፍ ያለበት ትንሽ ግቢና ወደ ሌላ ሰፈር የሚያወጣ ጠባብ የኋላ በር አለ። ሰው ጨርቅ ይዞ በሱቁ ይገባል፤ ልብስ ሊያሰፋ ነው። ታክሞ በኋላ በር ይወጣል። ታፔላውን ከመንገድ አንስተን በግቢው ውስጥ ሰቀልነው፤ ጭንቅላቱን አጠፋነው፤ "የእንቅልፍና የጭንቀት ምክርና ሕክምና" ብለን በትንሽ ፊደል ጻፍነው። እንቅልፍ አጣሁ ለማለት የሚያፍር ሰው የለምና።

ለጋሽ ኦይሳ ነገሩን ለማስረዳት ጊዜ አልፈጀብንም። "እኔ መለኪያ ሜትሬን ነው የማይ፤ የሰው ፊት አላይም" አሉ። በሽተኞቹ ለሰበብ ያመጡትን ጨርቅ ብዙ ጊዜ እዚያው ረስተው ይሄዳሉ። ጋሽ ኦይሳም አጥፈው ከላይኛው መደርደሪያ ይደረድሩታል፤ ባለቤቱ በሌላ ቀጠሮ ሲመጣ ያንኑ ጨርቅ ያነሳና እንደገና ይዞ ይገባል። ዓመት ሳይሞላ አግዳሚው ወንበር ሞላ። ሌሎች ባለሙያዎችም ክሊኒካቸውን እንዳስተካክልላቸው ይጠሩኝ ጀመር፤ ለሁሉም የምጠይቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄ የሲስተር ጥሩወርቅ ጥያቄ ነበር።

እኔም ከራሴ የጨመርኩት ብልሃት አለ። አዲስ ሰው ካርድ ሲያወጣ አድራሻው ላይ ሲደርስ ይደነግጣል። "የአክስትም፣ የአጎትም አድራሻ ይሆናል፤ አይጨነቁ" እላለሁ፤ ፊቱ ይፈታል። በዚህ ብልሃቴ ኮርቼ ነበር።

መምህሯ የመጣችው ሰማያዊ ጨርቅ ይዛ ነው። ካርዷ ላይ ሲቀላ ብላ አስመዘገበች፤ የት እንደምታስተምር አልጠየቅናትም። እስክሪብቶው ሁለቴ ከእጇ ወደቀባት። ከስድስት ወር ሕክምና በኋላ ግን የምትስቅ፣ ከጋሽ ኦይሳ ጋር የምትቀልድ ሴት ወጣች። ሊያገባት ያጫትም ሰው ነበረ። በመጣች ቁጥር ሰማያዊውን ጨርቅ ከመደርደሪያው ታነሳለች፣ ትመልሳለች።

በዚያ ጊዜ ማርቆስ ሆስፒታሉን ጨርሶ ለቆ በክሊኒኩ ብቻ ለመኖር ወስኖ ነበር። ከተማ ውስጥ ታወቅን፤ ከደጋውና ከሩቅ ወረዳዎች ግን ዛሬም ሰው በገመድ ታስሮ፣ ከረፈደ በኋላ ነው የሚመጣ። ማርቆስ "ቀድመው ቢያውቁን ኖሮ" እያለ ይብሰለሰላል። እኔ ደግሞ ክሊኒኩ ይዘጋ ይሆን ብዬ እፈራለሁ። ታዲያ አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጬ አንዲት ሴት ከሕመሟ እንዴት እንደዳነች ስትመሰክር ሰማሁ። ሕዝቡ እልል አለ። ለምን እኛስ ምስክርነት አይኖረንም አልኩ። የዳነ ሰው በራሱ አንደበት ሲናገር፣ በመኪና ላይ በሞንታርቦ ገበያ ለገበያ ቢሰማ፣ ከታፔላ አይበልጥም?

ለሲስተር ጥሩወርቅ ነገርኳት። እንቁላል እየጠረገች "ምስክርነት የቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያ የመሰከረ ሰው ይመረቃል። ገበያ ላይ የመሰከረን ሰው ማን ይመርቀዋል?" አለችኝ። ስታረጅ ፈራች ብዬ ተውኳት። እኔ፣ ያ ሁሉ ፈሪ፣ እሷን ፈሪ አልኳት።

መምህሯን ጠየቅኳት።

"ስምሽ አይጠራም" አልኳት።

"እዚህ ከተማ ነው የሚሰማው?"

"በፍጹም። እሱን አስቤበታለሁ። ሩቅ አገር ነው፤ የሚያውቅሽ ሰው በሌለበት።"

"ሩቅ ከሆነ እሺ" አለች። "እኔን የጠቀመኝ ሌላውንም ይጥቀም።"

የማርቆስ ክፍል ውስጥ በስልክ ቀረጽናት። "ጀምሪ" ስላት ተማሪ ዝም እንደምታሰኝበት ሁለት ጊዜ አጨበጨበች፤ ደነገጠችና ሳቀች፤ ከዚያ ተናገረች። ቀረጻውን ስንት ጊዜ እንዳዳመጥኩት እኔ ነኝ የማውቅ። ስም እንዳይኖር፣ ትምህርት ቤት እንዳይጠራ፣ "ቲቸር" የሚል ቃል እንኳ እንዳይቀር አስቆረጥኩ። ማርቆስ "ጭብጨባውስ?" አለኝ። "ተወው፤ ጆሮ ይስባል" አልኩት። ጭብጨባ ስም የለውም ብዬ ነው። ከዚያም ፍርሃቴ እንደመከረኝ አደረግኩ፤ ሲቀላ የምትኖር ሴት ድምፅ ከሲቀላ ይራቅ አልኩ፤ ሞንታርቦ የጫነ መኪና በገበያ ቀን ሩቅ ወዳለው ወደ ካምባ ወረዳ ላክሁ።

እኩለ ቀን ላይ ሾፌሩ ሙሉጌታ ከካምባ ደወለ።

"እትዬ፣ ሕዝቡ ወደደው። ልጆቹማ አብረው እያጨበጨቡ ነው። ስሚ!"

ስልኩን ወደ ገበያው አዞረልኝ። በብዙ ትናንሽ እጆች ሁለት ጊዜ ሲጨበጨብ ሰማሁ። ዝም ይላል፤ እንደገና ሁለት ጊዜ።

"ደግሞ ሴትዮዋን ያውቋታል" አለ ሙሉጌታ እየሳቀ። "ቲቸር እገሊት ናት፣ የኛ ቲቸር ናት እያሉ ነው።" ስሟን ጠራው።

"አጥፋው" አልኩት፤ ድምፄ አልወጣም መሰለኝ፤ "አጥፋው፣ ሙሉጌታ፣ አጥፋው።" ካርዷን አወጣሁ። ሲቀላ ይላል። የአክስቷ ቤት ነበር። ካምባ ታስተምራለች፣ ካምባ ተወልዳለች፣ ሰው እንዳያያት ያን ሁሉ መንገድ ወደ እኛ ትመላለስ ነበር። የአክስት አድራሻ ይሆናል ያልኳት እኔ ነኝ። በራሴ ሰበብ ራሴ ተታለልኩ፤ ፈርቼ ከሁሉ ቦታ መርጬ በገዛ ገበያዋ መሃል አቆምኳት።

መምህሯ በዚያች ሰዓት ገበያ ውስጥ ነበረች። ድምፅዋን ሰማች፤ ከዚያ ልጆቹን ሰማች። ዘንቢሏን ሻጯ እግር ሥር ትታ ሄደች፤ ስልኳም ተዘጋ። በማግስቱ እናቷና ወንድሟ ክሊኒካችን በር ላይ ቆሙ። የእጮኛዋ ቤተሰብ በዚያው ቀን ሽማግሌ ልኮ ነገሩን አፍርሶ ነበር። ወንድሟ አልጮኸብኝም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። "በአይሱዙ ተሳፍራ መጥታ ኩልፎ ድልድይ ላይ ወረደች ብለውናል" አለ ብቻ።

ክረምት ነበር። ኩልፎ ሞልቶ፣ ቀይ ጭቃ መስሎ ይወርዳል። ከጋሽ ኦይሳ ጋር በሙዝ እርሻዎቹ መሃል ዳር ዳሩን ሄድን። ወንዙን ማየት እፈራለሁ፤ ዓይኔን ከወንዙ ማንሳትም እፈራለሁ። ቅርንጫፍ ተሸክሞ ሲያልፍ ልብስ ይመስለኛል። ሙዝ በጋሪ የሚጭን፣ አማርኛ ገና ያልለመደ አንድ ሠራተኛ አገኘንና አንዲት ሴት ብቻዋን ስታልፍ አይቶ እንደሆን ጠየቅነው።

"አየሁ። ትናንት መጣ፣ እዚህ ጋ ቁጭ አለ፣ በጣም አለቀሰ" አለን።

"ሴትዮዋን ነው ወይስ ሰውዬ ነው ያየኸው?" አልኩት።

"ሴትዮ ነው የምልሽ እኮ! ቁጭ አለ፣ አለቀሰ፣ ተነሳ፣ ሄደ።"

"ወዴት? ወደ ወንዙ?"

"ወንዝ ምን ይሠራል? ወደ ላይ ነው የሄደ።" በእጁ ዳገቱን አሳየን።

ለሲስተር ጥሩወርቅ ደወልኩላት። "ሲስተር፣ መምህሯ ጠፋችብኝ፤ በአንቺ በኩል አላለፈችም?" አልኳት። "እኔ በሽተኛ አይቼ አላውቅም" አለችና ዘጋችው። በዚያ ድንጋጤዬ ውስጥ ሆኜ ቃሉን ሰማሁት እንጂ አልገባኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው የኖርኩትን።

በሦስተኛው ቀን የመምህሯን እናት ከዳቦ ቤት ስትወጣ አየኋት። አታለቅስም። አራት ዳቦ ይዛለች፤ ለእሷና ለወንድ ልጇ ይበዛል። ተስፋ ቆርጣ ይሆን ብዬ ፈራሁ፤ ደግሞ ተስፋ የቆረጠ ሰው ዳቦ አይገዛም አልኩ። ያኔ ነው የሲስተር መልስ የገባኝ። ባጃጅ ይዤ ወደ ሲስተር ቤት በረርኩ። በሩን ከፈተችና በመግቢያው መሃል ቆመች።

"ሲስተር፣ አለች?"

"ዛሬ እንቁላል የለም" አለችኝ።

"እንዳያት አይደለም። በሕይወት መኖሯን ብቻ ንገሪኝ።"

"ለእናቷ ነግሬያለሁ። የሚነገራት እናቷ ናት።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ዘነበች፣ እኛ ሰውን በሩ አጠገብ ነበር የምናስቀምጠው። አንቺ በሩን ቆለፍሽባት።"

ከውስጥ ሰው ሲያስል ሰማሁ። ሲስተር በሩን ዘጋችብኝ። መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እዬዬ ብዬ አለቀስኩ፤ ያለፉት ሰዎች ምናልባት እንቁላል ስላጣች ነው ብለው ይሆናል።

መምህሯ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረች። ወደ ክሊኒኩ አልተመለሰችም። ሰማያዊ ጨርቋ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ቀረ። ጋሽ ኦይሳ አላነሱትም፤ አቧራውን እያራገፉ መልሰው ያጥፉታል። እኔም ሱቁን ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ አየዋለሁ። ሞንታርቦ ሁለተኛ አልነካሁም። ከዚያ በኋላ ወደ ወረዳ የሚሄደው ማርቆስ ራሱ ነበር፤ በየዕድሩ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ እየተፈቀደለት ስለ እንቅልፍና ስለ ጭንቀት ይናገራል፤ የማንንም ታሪክ አያነሳም። ሰው ቀስ እያለ መጣ፤ በገመድ ታስሮ የሚመጣውም እያነሰ ሄደ። እኔ ግን በቤተ ክርስቲያን ሰው ሲያጨበጭብ እስከ ዛሬ እደነግጣለሁ።

ሲስተር ጥሩወርቅ ካረፈች ጥቂት ዓመት ሆናት። ቀብሯ ላይ የማላውቀው ሰው ብዛት አስደነቀኝ። ከየት ታውቋታላችሁ ሲባሉ ሁሉም "እንቁላል ትሸጥልን ነበር" አሉ። ይህን ያህል ሰው የሚመግብ ዶሮ በጋሞ ምድር የለም። ከመሞቷ በፊት ይቅር በይኝ ብያት ነበር፤ "እኔን ምን አደረግሽኝ? የበደልሻትን ነው እንጂ" አለችኝ። የበደልኳትን ፈልጌ ፊቷ መቆም ግን አልደፈርኩም። ስልክ ሲጮህ እሷ ትመስለኛለች፤ ወይም ስለ እሷ መርዶ። ስልክ እንዳላነሳ እጄን ያሰረው ይኸው ነበር።

ቁልፉን ከመለስኩ በኋላ ባሰብኝ። ልቤ ያለ ምክንያት ይመታል፣ ላብ ያጠምቀኛል፣ አሁን ሞትኩ እላለሁ። ሐኪም ልቤን መርምሮ ደህና ነሽ አለኝ። ማርቆስ ሊጠይቀኝ መጥቶ አየኝና "እትዬ፣ ይሄ የእኛ ክፍል በሽታ ነው፤ ነገ ነይ" አለ። እሺ ለማለት አንድ ወር ፈጀብኝ። የእብድ ደላላዋ ራሷን ልትደልል ነው ይሉኛል ብዬ ነው።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቀን ጠዋት ከሣጥኔ ጨርቅ አወጣሁ፤ ልጄ ለአዲስ ዓመት ያመጣችልኝን አበባ ያለበት። በብብቴ ይዤ ጋሽ ኦይሳ ሱቅ ገባሁ። አርጅተዋል፤ መነጽራቸው ወፍሯል። ጨርቄን አዩና ሜትራቸውን አነሱ። እኔ ቀና ብዬ መደርደሪያውን አየሁ። ሰማያዊው ጨርቅ የለም።

"ጋሽ ኦይሳ፣ እዚያ የነበረው..." ብዬ ሳልጨርስ ወደ ግቢው በሚያስገባው በር አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ አየኋት። መምህሯ ናት። ወፈር ብላለች፣ ፀጉሯ ሽበት ጣል አድርጎበታል። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች።

ሕጉን አውቀዋለሁ፤ ቀድሞ ሰላም አይባልም። አቀረቀርኩ። የማገላብጠው ቲማቲም እንኳ አልነበረኝም፤ የራሴን ጨርቅ አበቦች አንድ በአንድ አየሁ። እንድታየኝ አልፈለግኩም፤ እንዳታየኝም አልፈለግኩም። በዚህ መሃል የመንደራችን ወሬ አመላላሽ ጎረቤቴ ብርቄ የጉርድ ቀሚሷን ዚፕ ልታስቀይር ገባች።

"ውይ ዘነበች! ታመሽ የለ እንዴ? ምን ልታደርጊ መጣሽ?" አለችኝ፤ ዓይኗ ከእኔ ወደ ግቢው በር፣ ከበሩ ወደ እኔ ይሄዳል።

ስንት ሰው ሰበብ አበጅቼለታለሁ። ጨርቁ በብብቴ፣ ልብስ ሰፊው ፊቴ፤ አፌ ግን ተሳሰረ። ብርቄ ጠበቀች።

"እኔ ነኝ የጠራኋቸው" የሚል ድምፅ መጣ። ያንን ድምፅ በቀረጻ ስንት ጊዜ አዳምጬዋለሁ። "ቀሚሴን ይዩልኝ ብዬ ነው። እጅጌው ረዘመብኝ።"

ብርቄ ቀሚሱን ከላይ እስከ ታች አየችና "አልረዘመም፤ ልክሽ ነው" ብላ ጉርድ ቀሚሷን ሰጥታ ወጣች።

መምህሯ ፊቴን ሳይሆን የሚንቀጠቀጠውን እጄን አየች። እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ "ልጄ፣ ያኔ ያደረግኩሽን..." ስል እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

"ይቅር ብያለሁ ማለቴ አይደለም፤ ቁጭ ይበሉ ማለቴ ነው" አለችኝ።

ከአግዳሚው ጫፍ ተነስታ ወደ ውስጥ ተጠጋች፤ በሩ አጠገብ ያለውን ቦታ ለቀቀችልኝ።